ጎደሎ

ሃያ ሦስት ፍሬም ግድግዳ ሥር ቆሟል፣
ፊቱን ወደ ግንቡ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ፤
ነገ ማታ ባንድ ሰዓት በሩ ይከፈታል።
ሎሬን ነጭ ጓንት አቀበለችኝና
«ፎቶ» አለች፣ «አይነካም በባዶ እጅ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ሃያ ሦስቱም ጓንት ነው፤
ያውም ነጠላ ነጠላ፣ ጓዱ የጠፋበት፣
የዊኒፔግ በረዶ ስድስት ወር ቀብሮት
ሚያዝያ ላይ ሲቀልጥ ጣቱን ያወጣበት፤
ቅባት የጠገበው የመካኒኩ ግራ፣
አጥር ጫፍ የሰኩት የሕፃን ልጅ ቀኝ፣
መኪና የዳመጠው እንደ ደረቀ ቅጠል፣
አንዱ ደግሞ ሊፍት እንደሚለምን ሰው
አውራ ጣቱን ቀስሮ ቦይ ውስጥ የጠበቀኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው ባስ ስነዳ እዚህ አገር።
መጨረሻ ፌርማታ፣ ሰው ሁሉ ሲራገፍ፣
አራት ደቂቃ አለኝ፤ ወርጄ በዳር በዳር
አነሳለሁ። ጓንቱን አይደለም፤ ፎቶውን።
«ባለቤቱ ቢመለስስ?» ብዬ ትቼው ነው የማልፍ።

ዳምጠው ፍሬሙን በዱቤ ነው የሠራልኝ፣
እጅ አጥሮኝ ነበርና። ውሃ ልኩን ይዞ መጣ።
ከወለል እስከ መሃል መቶ አርባ ሰባት ሳንቲም፤
አረፋዋ መስመሯ መሃል እስክትቀመጥ
አንዱን አሥር ጊዜ ሰቀልነው፣ አወረድነው፤
ለካ ግድግዳው ነው ራሱ የተጣመመው!
«ተይው» አለ ዳምጠው፣
«ውሃ ልክ ይዞ ለምርቃት የሚመጣ የለም።»

ዋጋ ጻፊ ስባል ሰማንያ ብዬ ጻፍኩ።
ሎሬን በላጲስ አጥፍታ አራት መቶ አለች።
ሌሊቱን ለራሴ እጀ ረጅም መሰልኩ፣
የሰው ጓንት ከመንገድ ለቅሜ
መልሼ ለባለቤቱ ልሸጥ ያልኩ።

መጡ። ከዲፖው ስምንት ሾፌር ከነዩኒፎርሙ፣
ወይኑን ብለው የገቡ አንድ ሽማግሌ፣
ስሟን ያልያዝኳት ባለማስታወሻ ደብተር።
ሁሉም አንድ ፎቶ ያይና፣ ሳያስበው፣
ኪሱን ይዳብሳል፦ ሁለቱም አሉ?
ጋዜጣ ቢጽፍልኝም ከዚህ አላስበልጥም።

አሥራ አንደኛው ሥር አንድ ልጅ ጮኸ፣ «የኔ ነው!»
ማቴዎ ይባላል፣ ሰባት ዓመቱ ነው።
እናቱ ሊጋያ ቀረብ ብላ አየች፦
አረንጓዴ ሱፍ፣ አውራ ጣቱ ላይ
በሰማያዊ ክር የተጣፈ።
«እኔ ነኝ የጣፍኩት» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ያን ቀን ክፉኛ ተቆጥቼው ነበር።»

ልጁ ወደኔ ዞረ፦
«ካየሽው፣ ታዲያ ለምን አላነሳሽውም?»
በኔ ቋንቋ «አንስቼዋለሁ» ብል ያስኬዳል፤
በሱ ቋንቋ ግን ሁለቱ ማንሳት ለየቅል ነው፤
አፌን ይዤ ቆምኩ።

ሎሬን ቀይ ነጥቧን ይዛ መጣች። «ማን ገዛው?»
«እኔ» አልኳት። የመጀመሪያ ገዢዬ እኔው፣
ከመቶው አርባውን ለጋለሪው ከፍዬ።
ማቴዎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣
መስታወቱን ነካ ነካ አደረገና
«አይሞቅም እኮ» አለ።

ንግግር አድርጊ አሉኝ። እጅ ነሳሁ ብቻ።
«ባንድ እጅ አይጨበጨብም» ሲባል ነው ያደግኩት፤
ሃያ ሦስት ነጠላ እጅ ግድግዳው ላይ ዝም እንዳለ
ቤቱ አጨበጨበ።

ሲዘጋ ነጩን ጓንት ልመልስ ኪሴን ባይ
ግራው ብቻ አለ። ወለሉን፣ ኮት መስቀያውን ፈተሽኩ፤
ውጪ ወጣሁ። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ይጥላል፤
ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፣ ነጭ በነጭ ላይ።
ካሜራዬ ቤት ነው።
የመጨረሻው ባስ ሲያልፍ ጡሩምባ ነፋልኝ፤
ባዶ እጄን አነሳሁለት።